ሁለት መንግሥት፣ አንድ ብር

የድሮ ነጋዴ ጠገራ ብር ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው የንግሥቲቱን ፊት አልነበረም። በዘውዷና በትከሻ ጌጧ ላይ ያሉትን እንክብሎች በጣቱ ይዳስሳል። ካልተፋቁ ይቀበላል፣ ከተፋቁ ይመልሳል። ንግሥቲቱ፣ የኦስትሪያዋ ማርያ ትሬዛ፣ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሩ ግን ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ መመታቱን ቀጠለ፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ከምጽዋ እስከ ጎንደር፣ ከሐረር እስከ የመን ያለው ገበያ የሚተማመነው በእሱ ነበር። ለዝርዝር አሞሌ ጨው አለ፤ ለትልቁ ነገር ለበቅሎው፣ ለዝሆን ጥርሱ፣ ለቡናው ጠገራ ይቆጠራል።

ጎረቤት አገሮች አንድ ገንዘብ ይጠቀሙ ወይስ አይጠቀሙ የሚለው ክርክር ዛሬ ሲነሳ ከአውሮፓ የተቀዳ ሐሳብ ይመስላል። በቀይ ባሕር ዳርቻ ግን የጋራ ገንዘብ ስምምነት ሳይፈረምበት፣ ባንክ ሳይቆምለት ለብዙ ትውልድ ሠርቷል። የሠራበትም ምክንያት ቀላል ነው፤ በአካባቢው ካሉት ነገሥታት አንዱም ሊያትመው አይችልም። ንጉሡ ጦር ሲያዘምት ቢቸግረው ግብር ይጨምራል ወይም ይበደራል እንጂ ብር አይመታም። የብሩ ዋጋ በውስጡ ባለው ንጥር ብር ስለሆነ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው አይከስርም።

ይህን ሁኔታ ለመለወጥ ሁለት መንግሥታት በአንድ ዘመን ተነሡ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ ብላ እንዳወጀች የንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ ያለበት ታለሮ የሚባል ብር አስመታች። ዳግማዊ ምኒልክ ደግሞ 1887 ዓ.ም. የሚል የታተመበትን፣ በአንድ ፊቱ የራሳቸውን መልክ በሌላው አንበሳ የያዘውን ብር በፓሪስ አሠሩ። ሁለቱም ፖለቲካውን ያውቁ ነበር፤ የራሱ ገንዘብ የሌለው መንግሥት ግማሽ መንግሥት ነው። ገበያው ግን ሁለቱንም አልሰማቸውም። የምኒልክ ብር አዲስ አበባ አካባቢ ቢለመድም ባላገሩ ዘንድ ማርትሬዛን፣ ማለትም ጠገራውን፣ ሊያስለቅቅ አልቻለም፣ የጣሊያኑ ታለሮም ከአስመራ ወደ መረብ ማዶ ሲሻገር ነጋዴው እያገላበጠ የሚመልሰው ነገር ሆነ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ማርትሬዛን የሚመስል ሌላ ታለሮ ሠርተው እንደገና ሞከሩ። እሱም አልያዘም። በመጨረሻ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1927 ዓ.ም. የራሷን የማርያ ትሬዛን መምቻ ከቪየና ወስዶ በሮም ማስመታት ጀመረ። ወራሪው ጦር የሚገዛበትን ገንዘብ የመረጠው ገበያው ነበር ማለት ነው። በበኩሌ ከጦርነቱ ታሪክ ሁሉ ይህችን ያህል የሚያስገርመኝ ነገር ጥቂት ነው።

ከዚያ ሊሬ መጣ፣ ሊሬ ሄደ። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲገቡ ይዘውት የገቡት የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ነው። ይህ ሽልንግ የሚወጣው ለንደን ከተቀመጠ የገንዘብ ቦርድ ሲሆን ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን ሲያገለግል ኖሯል። አሁን ኢትዮጵያም ኤርትራም በዚያው ጥላ ሥር ገቡ። አስመራና አዲስ አበባ ለጥቂት ዓመታት ናይሮቢና ካምፓላ የሚገበያዩበትን ወረቀት ይገበያዩበት ነበር። የለንደን ሰዎች ኢትዮጵያ በዚያው ቀጠና እንድትቀር ይሹ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አልተቀበሉም። የሽልንጉ ባለቤት የውጭ ንግዱንም፣ የመንግሥቱንም ወጪ እንደሚይዝ ገብቷቸው ፊታቸውን ወደ አሜሪካ አዞሩ። የሃምሳ ሳንቲሙ ብር ከአሜሪካ በብድር መጣ፣ የመንግሥት ባንኩም ገዢ ጆርጅ ብላወርስ የተባሉ አሜሪካዊ ነበሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ኖቶች ላይ ያለው ፊርማ የእሳቸው ነው። አዲሱ ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ ሥራ ላይ ዋለ። አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፣ ጠገራውም ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቀረ። ገጠሩ ግን እስኪያምን ጊዜ ወስዶበታል፤ ወረቀት በዝናብ ይርሳል፣ በእሳት ይቃጠላል፣ ጠገራ ግን ጓዳ ተቀብሮ ይኖራል።

ኤርትራ በሽልንጉ ውስጥ ቀረች። እዚያ ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ ጦር ነው፣ የአገሪቱም ዕጣ ገና በተባበሩት መንግሥታት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን እንድትዋሐድ ወሰነ። ብዙ ሰው ከዚያ ውሳኔ የሚያስታውሰው ባንዲራውንና ምክር ቤቱን ነው። ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጡት ሥልጣኖች ዝርዝር ውስጥ ግን ከመከላከያና ከውጭ ጉዳይ ቀጥሎ ገንዘብና ፋይናንስ በግልጽ ተጽፈዋል፣ ወደቦቹም እንዲሁ። በ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲጀመር ሽልንጉ እየተሰበሰበ ብሩ አስመራ ገባ። አንድ ገንዘብ፣ አንድ አታሚ፣ አንድ ውሳኔ ሰጪ። ኤርትራ የራሷ ባንዲራና የራሷ ምክር ቤት እያላት በገንዘቡ ላይ አንድም ድምፅ አልነበራትም። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈርሶ አገሪቱ አሥራ አራተኛ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን ይህ ክፍል ምንም የሚለወጥ ነገር አልነበረውም።

የሽልንጉ መጨረሻ ከዚህ ታሪክ ጋር መነበብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1966 ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ የየራሳቸውን ሽልንግ ሲያወጡ የድሮው ቦርድ ገንዘቡን መልሶ ለመሰብሰብ ብዙ አልተቸገረም፣ በኖቶቹ ጀርባ በአብዛኛው ለንደን የተቀመጠ ስተርሊንግ ነበረውና። ያንን ኖት የያዘ ሰው ከማን ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ሦስቱ አዲሶቹ ገንዘቦች ለጥቂት ዓመታት አንድ ለአንድ ተመነዘሩ፣ ከዚያ እንደየአገሩ ፖሊሲ ተራራቁ። ፍቺው ፍቅር የሞላበት አልነበረም፣ የሂሳብ ጭቅጭቅ ግን አላስከተለም። የአስመራውና የአዲስ አበባው ፍቺ የተለየ ሆነ።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. የሻዕቢያ ታጋዮች አስመራ ገቡ፣ በአራተኛው ቀን ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤርትራ በተግባር ሌላ አገር ነበረች። በአስመራ ሱቆች የሚመነዘረው ግን ደርግ በ1969 ዓ.ም. ያወጣው ያው የብር ኖት ነው። ማንም አላስቸኮለውም፣ ለመቸኮልም ምክንያት አልነበረም። ሁለቱን የሚመሩት ሰዎች በአንድ ወገን የተዋጉ የትግል ጓዶች ናቸው፤ የደርግ ጦር ሲፈርስ አብረው ነበሩ፣ ስለ ነገሩ ሁሉ በስልክ ይነጋገራሉ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ብሩን ከ2.07 ወደ 5 ብር በአንድ ዶላር ስታወርድ የአስመራ ሸማች ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ በአንድ ሌሊት ከግማሽ በታች ሆነ። ውሳኔው የሽግግር መንግሥቱ ከዓለም ገንዘብ ድርጅትና ከዓለም ባንክ ጋር የተነጋገረበት የኢትዮጵያ ማሻሻያ ነው፤ ኤርትራ ግን ዋጋውን አብራ ከፈለች። ለኤርትራ ላኪ ሊጠቅም ይችል ነበር። ነገር ግን መጥቀሙም መጉዳቱም የተወሰነው በሌላ ከተማ ነው።

ሕዝበ ውሳኔው ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ተካሄደ፣ 99.8 በመቶው ለነፃነት ድምፅ ሰጠ። ግንቦት 16 ቀን ኤርትራ ነፃ አገር መሆኗን አወጀች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራት፣ በሐምሌ 1985 ዓ.ም. እና በአዲሱ ዓመት መግቢያ፣ ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነትና የትብብር ስምምነቶችን ፈረሙ። ዜጎች ያለ ቪዛ ይመላለሳሉ፤ አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ነፃ ወደብ ይሆናሉ፤ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ይቀራረባል፤ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ እስክታወጣ ድረስ ብሩን ትጠቀማለች።

ችግሩ ያለው «እስክታወጣ ድረስ» የሚለው ላይ ነው። ስታወጣስ? በኤርትራ እጅ ያለውን ብር ማን ይረከባል፣ በምን ሂሳብ? አዲሱ ገንዘብ ከብሩ ጋር በምን ይመነዘራል? የብሩ ዋጋ ሲወሰን አስመራ ትጠየቃለች ወይስ በጋዜጣ ታነባለች? በጓዶች መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንሳት የክፋት መልክ አለው። ጎጆ ሲወጡ ጎተራውን ሳይከፍሉ እንደተለያዩ ወንድማማቾች በቸርነት ስም አንዱን ነገር ዝም አሉት። በዚያው 1985 ዓ.ም. ቼኮዝሎቫኪያ በሰላም ለሁለት ተከፍላ ነበር። እነሱም መጀመሪያ አንድ ገንዘብ ለመጠቀም ተስማሙ፤ ሆኖም ለመውጫው አስቀድመው ተዘጋጅተው ስለነበር ከክፍፍሉ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ኖቶቻቸው ላይ የየአገራቸውን ቴምብር ለጥፈው ተለያዩ። የንግድ ሂሳባቸውን የሚያቻችሉበት አሠራርም ነበራቸው። ጥይት አልተተኮሰም። እነሱ ከእኛ የበለጠ ይዋደዱ ስለነበር አይደለም።

በኤርትራ ማዕከላዊ ባንክ ቆመ። ገንዘብ የማያትም፣ ወለድ የማይወስን ማዕከላዊ ባንክ። በ1986 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣው የገንዘብና የባንክ አዋጅ ቁጥር 83 ብር የማሳተምን ሥልጣን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብቻ ሰጠ። ይህ ለኢትዮጵያ የተፈጥሮ ነገር ነው፣ የራሷ ገንዘብ ነውና። ለኤርትራ ግን ተጨማሪ ብር የሚገኝበት መንገድ መሸጥ፣ መበደር ወይም ከውጭ በሚመጣ ዶላር መግዛት ብቻ ነው ማለት ነው። አታሚው ከኅትመቱ የሚያገኘው ጥቅም ለአታሚው ይቀራል። ኢትዮጵያ በበኩሏ ሌላ ቅሬታ ነበራት። የኤርትራ ነጋዴ እህል፣ ቆዳና ቡና ኢትዮጵያ ውስጥ በብር እየገዛ ወደ ውጭ ሲልከው ዶላሩ አስመራ ይቀራል የሚል ወሬ በመርካቶ በሰፊው ይወራ ነበር፣ ጋዜጦችም ጻፉት። ወሬው ምን ያህሉ እውነት ነበር የሚለው ያከራክራል። መንገዱ ግን ክፍት ነበር፤ ሁለት አገር አንድ ብር ሲጠቀሙ፣ የውጭ ምንዛሪ ደንባቸው ሲለያይ፣ ዶላሩ ወደ ላላው በኩል መፍሰሱ አይቀርም። የኤርትራ መንግሥት የውጭ ንግዱንና ምንዛሪውን በሌላ መልክ ይመራ ነበር፣ በዲያስፖራው የሚላከው ዶላርም ለአስመራ ዋናው ደም ሥሯ ነበር።

ለተራው ሰው እነዚያ ዓመታት መልካም ነበሩ። የአስመራ ቢራ፣ ጫማና ጨርቅ መቀሌ ይሸጣል፣ የትግራይና የጎጃም ጤፍ አስመራ ይበላል፣ ከኤርትራ ወደ ውጭ ከሚሸጠው ከግማሽ በላይ ገዢው ኢትዮጵያዊ ነው። የኢትዮጵያ ገቢ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ይገባል፣ የወደቡም ክፍያ በብር ነው። በዛላምበሳ ወይም በራማ በኩል የሚያልፍ ነጋዴ ገንዘብ አይመነዝርም፣ ባንክ አይገባም። እንደ ድሮው እህሉን በአህያ ወይም በአይሱዙ ጭኖ ይሄዳል፣ ሽጦ ይመለሳል። በዚህ ምቾት የተነሳ ይመስለኛል ፖለቲከኞቹ መሠረቱ ባዶ መሆኑን ያላዩት።

በ1989 ዓ.ም. ስንጥቁ ወጣ። ሶቪየቶች የሠሩት፣ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለኢትዮጵያ ነዳጅ ሲያጣራ የኖረው የአሰብ ማጣሪያ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራ አቆመ። በዚያው ሰሞን አስመራ የራሷን ገንዘብ እንደምታወጣ አሳወቀች። ናቅፋ ተባለ፣ ሻዕቢያ ከደርግ ጦር ለዓመታት ተከላክሎ በያዘው በሳሕል ባለው ከተማ ስም። ኖቶቹን የነደፈው በአሜሪካ የኅትመት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ክላረንስ ሆልበርት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ያተማቸውም የጀርመኑ ጊሴክ ኤንድ ዴቭሪየንት ነው። ኖቱን በእጅ ይዞ ያየ ሰው ሐሳቡን ወዲያው ይረዳል። የመሪ ፎቶ የለበትም። ከአገሪቱ ብሔረሰቦች የተመረጡ ሦስት ሦስት ተራ ፊቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሴት ልጅ፣ ገበሬ፣ ሽማግሌ፤ ጎኑ ላይ ባንዲራ የሚተክሉ ታጋዮች አሉ። በእያንዳንዱ ኖት ላይ የታተመው ቀን ግንቦት 16 ነው። ወረቀቱ ለገበያ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት የተዋጋ ሕዝብ ይህ የእኔ ነው የሚልበት ሰነድ ነው። ይህን ስሜት ያልተረዳ የኢትዮጵያ ባለሥልጣን ካለ ከ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር ጀምሮ የራሱን ታሪክ አላነበበም።

የአስመራ ጥያቄ ግን ከዚያ ያለፈ ነበር። ናቅፋው ከብሩ እኩል ይሁን፣ አንድ ለአንድ ይመንዘር፣ ሁለቱም ገንዘቦች በሁለቱም አገሮች ይሥሩ አለች። በቀላሉ ሲታይ ያለፈውን የሚያስቀጥል ይመስላል። ግን አስቡት፤ ከአሁን ወዲያ ናቅፋን የምታትመው አስመራ ናት። ዛሬ አንድ ለአንድ ከሆነና ነገ አስመራ የበጀት ጉድለቷን በናቅፋ ብትሸፍን ያ ናቅፋ በመቀሌና በጎንደር ጤፍ ይገዛል፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በእጇ የሚቀረውን ወረቀት የት ታደርገዋለች? አዲስ አበባ ለኤርትራ በዝምታ ስትሰጥ የኖረችውን ሁኔታ አሁን ራሷ ልትቀበል ተጠየቀች፤ እሷም እንቢ አለች። ይህ ምላሽ በምጣኔ ሀብት በኩል ትክክል ነበር። ያስቸገረው በሌላ በኩል የሰጠችው አማራጭ ነው። ከድንበር ጥቃቅን ንግድ በስተቀር፣ ማለትም ከ2,000 ብር የማይበልጥ ዕቃ ካልሆነ በስተቀር፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ንግድ በዶላር፣ ባንክ በሚከፈት የክፍያ ዋስትና ሰነድ (ኤልሲ) ይሁን።

2,000 ብር ማለት ጥቂት ኩንታል ጤፍ ነው። ከዚያ በላይ የሚነግድ የአድዋ ወይም የሰንዓፈ ሰው ባንክ ሄዶ የውጭ ምንዛሪ መጠየቅ ነበረበት፤ ከእንደርታ ወደ አከለ ጉዛይ ስንዴ ለማሻገር ከሆላንድ ትራክተር እንደሚያስመጣ ነጋዴ ወረፋ ይጠብቃል። ሁለቱም መንግሥታት ዶላር አልነበራቸውም። ጥቅምት 29 ቀን 1990 ዓ.ም. ናቅፋ ሥራ ላይ ዋለ። ኤርትራ ብሩን እየሰበሰበች በናቅፋ ለወጠች። ኢትዮጵያም በዚያው ሰሞን አዲስ የብር ኖት አወጣች፤ በኤርትራ የተሰበሰበው አሮጌ ብር ተመልሶ ገበያዋ እንዳይገባ በሯን ዘጋች። የምሥራቅ አፍሪካ ቦርድ የቀድሞውን ሽልንግ መልሶ እንደተቀበለው አይነት የሂሳብ መዝጊያ በሁለቱ መካከል አልነበረም። ሁለት መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ሊፈታው የሚችል ጉዳይ እንደ አገር ክብር ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባሉት ስድስት ወራት ድንበሩ ላይ የሆነው በካርታ አይታይም። ኬላዎች በዙ፣ የተጫነ እህል ተያዘ፣ ከዚህ በፊት ንግድ የነበረው ኮንትሮባንድ ሆነ። የትግራይ ሚሊሻ ከብት ይይዛል፣ የኤርትራ ወታደር ጨው ያስቀራል። የአሰብ ክፍያም በውጭ ምንዛሪ መሆን ሲጀምር የኢትዮጵያ ጭነት ወደ ጅቡቲ መዞር ጀመረ። ያኔ ባድመ የምትባለውን መንደር በአዲስ አበባም በአስመራም የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ፣ ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር ባድመን ያዘ።

ጦርነቱን ያስነሳው ናቅፋ ነው ማለት ሞኝነት ነው። የድንበሩ ጥያቄ ቀድሞም ነበረ፣ በሁለቱ ግንባሮች መካከል ከበረሃ ዘመን የመጣ ቂምም እንደዚሁ። ተከስተ ነጋሽና ክየቲል ትሮንቮል እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፉት መጽሐፍ ግን የገንዘቡና የንግዱ ጠብ ሁለቱን መንግሥታት ምን ያህል እንዳቃቃረ በሰፊው አሳይተዋል። እኔም ነገሩን እንዲህ አየዋለሁ፤ የዕለት ኑሮ የሚያገናኘው ገበያ ክፍት ቢሆን ኖሮ የባድመን ጉዳይ የሚያበርዱ ብዙ ሰዎች በሁለቱም ወገን ይኖሩ ነበር። ኤልሲው መጀመሪያ እነዚያን ሰዎች ከመሃል አወጣቸው። ከዚያ የቀረው ወታደሩና ካድሬው ነው።

ሁለት ዓመት ተዋጉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ ከሁለቱም አገሮች ሰዎች ከቤት ንብረታቸው ተባረሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ስምምነት ተፈረመ፣ የድንበር ኮሚሽኑም በ1994 ዓ.ም. ውሳኔውን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስድስት ዓመት ድንበሩ ላይ ያለው ምሽግ ብቻ ነበር። አሰብ ባዶ ወደብ ሆነች። ናቅፋና ብር ተገናኝተው ስለማያውቁ በምን ይመነዘራሉ የሚል ጥያቄም አልነበረም። የየራሳቸውን መንገድ ሄዱ። ናቅፋ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ 15 ለአንድ ዶላር ላይ ተቸነከረ። አስመራ በ2008 ዓ.ም. ኖቱን ሁሉ በስድስት ሳምንት እንዲቀየር አድርጋ ከባንክ በወር የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብ ገደበች። ብሩ በበኩሉ ይወርዳል፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንድ ቀን 15 በመቶ ዝቅ ተደረገ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ተፈረመ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመት ዕለት፣ ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ፣ ሃያ ዓመት ያልተያዩ ሰዎች ተቃቀፉ። ከዚያ በማግስቱ ንግዱ ጀመረ። ጤፍ፣ ሲሚንቶና ሸቀጥ በመኪና ወደ ሰንዓፈና አስመራ ይጎርፋል፣ ከኤርትራ የመጣ ሸማች መቀሌ ይታያል፣ የአስመራ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ወረደ። ምንዛሪው ግን ባንክ አልነካውም። ናቅፋና ብሩን የሚለዋውጠው መንገድ ዳር የቆመ ሰው ነው፣ ተመኑንም እሱ ያወጣል። መንግሥታቱ በመስከረም 6 ጅዳ ላይ የፈረሙት ስምምነት ሰባት አጫጭር አንቀጾች አሉት። የጋራ የኢኮኖሚ ዞን ተጠቅሷል፣ ሽብርተኝነት ተጠቅሷል፤ ገንዘብን የሚመለከት አንቀጽ አልነበረውም። የ1985ቱ ስምምነት ቢያንስ ብሩን በስሙ ጠርቶት ነበር።

የንግድ ፈቃድ፣ የቀረጥ ተመን፣ የምንዛሪ ደንብ አንዱም ሳይወጣ ሦስት ወር አለፈ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ያለ ወረቀት ለሚሻገር ተዘጋ፣ ሌሎቹም መተላለፊያዎች በየተራ ተከተሉ። ብሩን ይዞ አስመራ የቀረ ነጋዴ፣ ናቅፋ ይዞ አዲግራት የቀረ ሸማች በዚያው ቀረ።

በደቡብ በኩል ያሉት ጎረቤቶቻችን ያንን የድሮ ሽልንግ ለመመለስ ሲሞክሩ ኖረዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች በኅዳር 2006 ዓ.ም. የገንዘብ ኅብረት ፕሮቶኮል ፈርመው እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ገንዘብ ሊጀምሩ ቆርጠው ነበር። ቀኑ ሲደርስ ወደ 2031 ገፉት። ብዙዎች ሳቁባቸው፤ እኔ ግን የጉድለት ገደብ፣ የጋራ ባንክና የዕዳ ጣሪያ ሳይስማሙ ቀኑን ማራዘማቸውን እንደ ድክመት አላየውም።

ወደ ብሩና ወደ ናቅፋው ስንመለስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብሩን ለገበያ ለቀቀው። በመጀመሪያው ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ገደማ በአንድ ዶላር ሆነ፣ ከዚያም ቀጠለ። ናቅፋ ዛሬም በይፋ 15 ነው። በ1990 ዓ.ም. ሲወጣ አንድ ለአንድ ይሁን ተብሎ የተጠየቀለት ገንዘብ በዚያ የሐምሌ ቀን በይፋዊው ሂሳብ አምስት ብር ያህል አወጣ። በዚህ ተመን ጤፉን የሚሸጥለት የትግራይ ነጋዴ፣ በዚህ ተመን ናቅፋውን የሚቀበል የአዲስ አበባ ባንክ የለም።